ካርድ የወጣለት ሰርቨር

የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ኃላፊ፣ ሽማግሌው፣ ጠዋት ደረጃውን ሲወጡ ቦርሳ ካንጠለጠለች ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፉ።

«ይቅርታ አባባ! ካርድ ክፍሉ የቱ ጋ ነው? የተቃጠለውን ካርድ አውጥቼ ልጥል ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌው ክው አሉ። «የማን ካርድ ነው የተቃጠለው?»

«የሰርቨሩ ነዋ!»

ሰርቨሩ የበሽተኛው መዝገብ ሁሉ ያለበት፣ ጥግ ላይ የሚያጓራው ኮምፒውተር መሆኑን ያውቃሉ። እሱም ታሞ ካርድ ማውጣቱን ግን አልሰሙም ነበር።

ልጅቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ገብታ ሰርቨሩን ፈታችና መዳፍ የምታክል ስስ ሰሌዳ አሳየቻቸው። «ይቺ ናት አባባ፤ የኔትወርክ ካርድ። ሰርቨሩ ከዶክተሮቹ ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው በእሷ ነው። አሁን አዲስ አስገብቼ አድራሻውን እሰጣታለሁ።»

«አድራሻ? ሊዛወር ነው እንዴ? ዘጠኝ ዓመት የጻፍኩትን ይዞ? አይሆንም ልጄ! መርፌ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፤ መዝገቡ ከጠፋ ማን ሊያስታውስላቸው ነው? እኔ ድሮም ወረቀቱ ይሻላል ብያለሁ።»

«የትም አይሄድም። አድራሻ የምንለው ቁጥር ነው። መዝገቡ ዲስኩ ውስጥ ነው፤ ካርዷ በሩ ናት።»

ካርዱ በር፣ አድራሻው ቁጥር! ግራ የገባቸው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮሪደሩ ላይ ሰው ተሰልፎ ያጉረመርማል።

ልጅቱ አዲሷን ካርድ አስገብታ የቀድሞውን ቁጥር ጻፈች። አልቀበልም አላት። «በሌላ ካርድ ተይዟል ይላል! አሮጌዋ እኮ ይቺው እጄ ላይ ናት!» አሁን ግራ የገባት እሷ ሆነች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። «ቆይ እስቲ። ካርድ ለጠፋበት ሰው በዚያው ቁጥር አዲስ ስናወጣ፣ አሮጌውን ከባሕር መዝገቡ ካልሰረዝን ቁጥሩ እንደተያዘ ይቀራል። አንቺ አወጣሽው እንጂ ሰረዝሽው?»

ልጅቱ ግንባሯን መታች። ብትፈልገው፣ የአሮጌዋ ካርድ ስም ደብዘዝ ብሎ በሰርቨሩ ዝርዝር ውስጥ ከተደበቁት መሣሪያዎች መካከል ተጎልቷል። ሰርዛ ቁጥሩን ደግማ ስትጽፍ፣ ከወዲያኛው ክፍል አንዱ ዶክተር «መዝገቡ መጣ!» ብለው ጮኹ።

«መርፌ የማይስማማትን አንዲት ልብስ አጣቢ ፈልጊልኝ» አሉ ሽማግሌው።

ተገኘች፤ የእሳቸው የፊደል ስህተት እንኳ ሳይነካ።

«ተሸነፍኩ ልጄ» አሉ። «ወረቀቱን እኔ ብቻ ነበርኩ አገላብጬ የማገኘው፤ ይኼን ግን ሦስቱም ዶክተሮች ባንድ ጊዜ ያያሉ። በሽተኛም ደጅ አይጠናም።»

«ታዲያ መዝገቡ ሌላ ቦታ ግልባጭ ይኑረው አባባ። ዲስኩ ቢበላሽ ያኔ በእውነት ይጠፋል። የአድራሻውን ቁጥርም በጽሑፍ ያኑሩት።»

ሽማግሌው ባዶ የበሽተኛ ካርድ ስበው መጻፍ ጀመሩ። ስም፦ ሰርቨር። ሕመም፦ ቃጠሎ። ሕክምና፦ አዲስ ካርድ፣ አሮጌው ተሰርዟል። አድራሻ፦ እንደ ቀድሞው፤ ቁጥሩንም አንድ በአንድ አሰፈሩት። ቀና አሉ።

«ቀጠሮውስ መቼ ይሁን?»

«ለግልባጩ በየሳምንቱ» አለች።

«በየሳምንቱ» ብለው ጻፉ፤ ማኅተምም አደረጉበት።