ጃንጥላዬና የቆቁ ክንፍ

ውሻ ይደበድባል ብዬ የጠረጠርሁትን ሰው ሳነጋግር ዓይኑን ሳይሆን እጁን ነው የምመለከተው። በነጌሌ ጎረቤቴ የሆኑት አዳኙ ኦቦ ገልገሎ አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ወጣት ውሻቸውን እየጎተቱ አገኙኝና፣ «አካም፣ መሪጌታ! ይህ ፈሪ ውሻ፣ ቆቅ ከሣር ውስጥ ብር ብሎ ሲነሣ እግሬ ሥር ይወሸቃል። ነገ ለአንድ የፊልቱ ከተማ ሰው እሰጠዋለሁ» አሉኝ። እጃቸውን እያየሁ፣ «ምናልባት አንቱ ደብድበውት ይሆናል» አልኋቸው። «በዋቃ! አንዲት ጥፊ አላሳረፍሁበትም!» ብለው ማሉ። መሐላቸው ጥርጣሬዬን አባሰው።

ፀሐዩ ቢበረታብኝ ጃንጥላዬን ቧ አድርጌ ከፈትሁ። ውሻው ጆሮውን ጥሎ ከጌታው ኋላ ተደበቀ። ኦቦ ገልገሎ መጀመሪያ ጃንጥላውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። «ድምፁ እኮ የቆቅ ክንፍ ነው! መሪጌታ፣ ውሻዬ ይህን ጃንጥላ ከየት ያውቀዋል?» አሉ። ጃንጥላዬን ቶሎ አጠፍሁት። ቡችላ ሳለ በየማለዳው ሲከተለኝ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር እንዳይገባ ጃንጥላዬን ድንገት በፊቱ ላይ የምዘረጋበት እኔ ነበርሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድ ወር ብቻ ይታገሡኝ» ብዬ ለመንኋቸው።

ከዚያም በየቀኑ ጃንጥላውን በቀስታ እየከፈትሁ ቁራሽ ዳቦ ሰጠሁት፤ እያደር ቧ ሲል ጅራቱን ይቆላ ጀመር። ወሩ ሲሞላ ኦቦ ገልገሎ ከአደን ተመልሰው ደጄን መቱ። «ፍርሃቱስ?» አልኋቸው። «ፍርሃቱ ጠፍቷል። አሁን ግን ቆቁ ብር ባለ ቁጥር ቁጭ ብሎ ዳቦ ይጠብቃል» አሉና፣ በተራቸው እጄን እጄን ያዩ ጀመር።