ገበሩ ያልታሰበ ኮት

ሱሪዬን ላሳጥር ወደ ሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጎራ ያልኩት ለአምስት ደቂቃ ነበር። ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ መምህር ነኝ፤ ወረቀት ላይ ቁጥር ካየሁ የማንም ይሁን የማን ሳላነበው አላልፍም። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን ወሬኛነት ትለዋለች።

ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል። ከጠረጴዛው ማዶ እሳቸው ያሳደጓት የሟች ወንድማቸው ልጅ ቆማለች። ኮሌጅ ልትገባ ነው። በመካከላቸው የተዘረጋው ቅጽ የአንድ ዓመት ወጪዋ የሚገመትበት ሲሆን፣ ነገ ጠዋት ካልገባ የገንዘብ ድጋፍ የሚባል ነገር የለም።

አጎትየው የትምህርት ክፍያውን በትክክል ሞልተዋል። ከሥሩ ያሉትን የምግብ፣ የመጓጓዣና የመጻሕፍት መስመሮች ግን ሁሉንም ዜሮ ብለዋቸዋል። ምን አስበው ይሆን ብዬ ጠጋ አልኩ።

በእሳቸው ቤት ሰው የበላው ተመዝግቦ አያውቅም። እህል ተምኖ ለማያውቁት ሰው መላክ ልመና ነው፤ ደግሞም ትንሽ የጠየቀ ይከበራል፣ ብዙ የጠየቀ ይናቃል አሉ። ሰውዬው ክፋት የለባቸውም፤ ኩራት እንጂ።

አላስችለኝ አለና ከቅጹ ጀርባ ያለውን መመሪያ አነበብኩላቸው። ኮሌጁ የሚሰጠው ድጋፍ ከተገመተው ጠቅላላ ወጪ አይበልጥም ይላል። ዜሮ ባሉት ቁጥር የሚጎዱት እሷን ነው ብላቸውም ንቅንቅ አላሉም።

ልጅቱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ያላለቀ ኮት ነካ አደረገች።

"ጋሼ፣ ለዚህ ዋጋ ሲቆርጡ ምን ምን አሰቡ?"

"ጨርቁን ነዋ። ገበሩን፣ የትከሻ ስፖንጁን፣ ቁልፉን፣ ክሩን፣ የእጄን።"

"ጨርቁን ብቻ ቢያስቡስ?"

"እንዲያማ ከሆነ ኮቱ ግማሽ ላይ ይቆማል" አሉና ቅጹን አዩት።

እኔ አለቀ ብዬ ነበር። ልጅቱ ግን አልጨረሰችም። የልብስ ሰፊው ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት ኮሌጅ ገብቶ በአራተኛው ወር ተመልሷል፤ ሰፈሩም አባቱም ሰነፍ እንዳሉት ቀርቷል።

"ወንድሜ ሰንፎ አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "ምሳ አይበላም ነበር። ለአውቶቡስ ሲያጣ መጻሕፍቱን ሸጠ።"

"ለምን አልነገረኝም?"

"መጠየቅ ነውር ነው ብለው ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።"

የሽማግሌው ፊት ክፉኛ አሳዘነኝ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ያ ልጅ ግን የቀረበት ትምህርቱ ነው። ትክክለኛ ግምት ልመና አይደለም። ሰጪው የሚሞላውን ጉድለት ያያል፣ ቤተሰቡ አቅሙን ያውቃል፣ ተማሪውም ሆዱን ሳያታልል ይማራል።

ዜሮዎቹን አንድ በአንድ ሰርዘው እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጡኝ። ልጅቱ ስትናገር እኔ ጻፍኩ፤ የአውቶቡሱን የደርሶ መልስ፣ ምሳውን፣ መጻሕፍቱን፣ ሳሙናውን ሳይቀር። እሳቸው እያንዳንዱን መስመር በጥሞና ሰሙ።

ስንጨርስ ቅጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ አጎቷ ጠሯት።

"ነገ ስትሄጂ" አሉ፣ "አቋርጦ የነበረ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ ጠይቂልኝ። የሚቀበሉ ከሆነ ሌላ ቅጽ ይዘሽ ነይ።"