ቬርና እና ባለ ሦስት ፊደሏ ቺፕ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት ቬርና ሃልስተድ እዚህ ሬኖ ከተማ፣ የቁማር ታሪክ ሙዚየማችን ውስጥ ሥራ የጀመረች ዕለት የመግቢያውን የመስታወት ሣጥን አስከፈተች። የምንኮራበትን የ1930ዎቹን ቺፕ፣ ማለትም በቁማር ቤት በገንዘብ ፈንታ የሚያዘውን ክብ ጠፍጣፋ ነገር፣ አንሥታ አሸተተችው። ጥበቃችን ዌንደል ደንግጦ፣ «እመቤቴ፣ እሱ እኮ አይበላም» አላት።

«አውቃለሁ። የ1930ዎቹም አይደለም» አለችው።

ልክ ነበረች። የያኔው ዳይሬክተራችን ምሳ ሳይበላ ዋለ።

ከዚያ ወዲህ ሃያ ስድስት ዓመት ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ባለቤቴ ራት የጋበዘቻት ቀን የሾርባ ሳህኑን ማን እንደሠራው ለማየት ከፍ አድርጋ ከሥሩ ስታይ፣ ሾርባው በሙሉ የጠረጴዛ ልብሱ ላይ ፈሰሰ። አትሳቂ ቬርና፣ እድፉ እስከ ዛሬ አለ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልቀመጥም። የዛሬ ስምንት ዓመት ኦፓል ትሬድዌይ የሚባሉ የሰባ አራት ዓመት ሴት ከአይዳሆ መጡ። አባታቸው በ1948 ሥራ ፍለጋ ወጥተው በዚያው ቀርተዋል። ከመጨረሻው ደብዳቤያቸው ጋር የላኩላቸው አንድ ቀይ ቺፕ ብቻ ተርፏል፤ ፖስታውን እናትየው አቃጥለውታል። ቺፑ ላይ ከሦስት ፊደላት በቀር ምንም የለም።

«እናቴ ጥሎን ሄደ እንዳለች ሞተች» አሉን። «እኔ የት እንደገባ ብቻ ልወቅ።»

እኔ በልቤ ተስፋ ቆረጥኩ። ቬርና ግን ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። ዙሪያውን የታተሙት ጥቃቅን ኮከቦች የአንድ ፋብሪካ ብቻ ምልክት ነበሩ። ፋብሪካው ከተዘጋ ቆይቷል። ከአሮጌ ካታሎግ ላይ የአከፋፋዩን ስም አገኘች፤ እሱም ሞቷል። ልጁን ካንሳስ ሲቲ ድረስ ሄዳ አገኘቻት። ምድር ቤቷ ውስጥ በጫማ ካርቶን የታጨቁ የትዕዛዝ ካርዶች ነበሩ፤ በየካርዱ ላይ የናሙናው ቺፕ ተለጥፏል። ሁለት ሳምንት ተንበርክካ አገላበጠች።

ከዚያ ደወለችልኝ። «ግሌን፣ አገኘሁት» አለችኝ። 

ፊደላቱ ከዊነሙካ ከተማ ወዲያ ያለች የማዕድን መንደር ውስጥ የቁማር ክለብ የከፈቱ የሦስት ሸሪኮች ስም መነሻ ናቸው። ተያይዘን ሄድን። የመንደሩ አሮጌ ጋዜጣ ላይ አራት መስመር አገኘን፦ «ትሬድዌል» የተባለ የክለቡ ሠራተኛ በሳንባ ምች ሞተ፤ ኪሱ ውስጥ ለማግስቱ የተቆረጠ የአይዳሆ ባቡር ቲኬት ተገኘ። ስሙ ተሳስቶ ስለተጻፈ ነው ቤተሰቡ ሳይሰማ የቀረው።

ኦፓልን መቃብሩ ድረስ ወሰድናቸው። የጋዜጣውን አራት መስመር አነበብንላቸው። «እየመጣ ነበር ማለት ነው» አሉ።

ቬርና ክንዳቸውን ይዛ፣ «አዎ፣ እየመጡ ነበር» አለቻቸው።

እኔ እዚያ ቆሜ ባርኔጣዬን አወለቅሁ። ለሟቹ ነው ብላችሁ ይሆናል፤ ለሷም ጭምር ነበር። ከጣት ጫፍ ተነሥታ ሰው አባቱን እስኪያገኝ የምትሄድ ሴት አጠገብ ተቀምጬ እንደኖርኩ ያን ቀን ገባኝ። ቬርና፣ አመሰግንሻለሁ። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር።

እንግዲህ የፒኮን መጠጥ ብርጭቋችሁን አንሡልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ጉልበትሽ ይጽና፣ ፒራሚድ ሐይቅ ላይ ትራውት ዓሣው ይያዝልሽ፣ በሄድሽበት ሁሉ በስምሽ የሚጠራሽ ሰው አይጥፋ። ለቬርና።