የዲንካር ካካ ጾም እና የሰገነቱ አንቴና

ወተት ልገዛ ስወጣ ከግቢያችን በር ላይ ኬታኪን አገኘኋት። ምህንድስና የተማረች የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ የጨረር መለኪያ ይዛለች። ፊት ለፊቷ ሁላችንም ካካ፣ አጎት፣ የምንላቸው ጎረቤታችን ዲንካር ካካ አልጋ ዘርግተው ተጋድመዋል። የሕንፃችን ሰገነት ላይ ያለው የሞባይል አንቴና ካልተነቀለ እህል አልቀምስም ብለው ጾም ይዘዋል፤ መብራቱንም አስቆርጠውበታል። ስኳር ያለባቸው ሽማግሌ! እኛ የሕንዷ ኮልሃፑር ከተማ ሰዎች ስንናደድ የምንቀጣው ሆዳችንን ነው።

ስልካቸው ግን ከጆሯቸው አይነሳም። ጀርባው ላይ ጨረር ይከለክላል ተብሎ የተሸጠላቸው የላም ኩበት ተለጥፏል።

"ካካ፣ ይብሉ እንጂ! ሊሞቱብን ነው?" አለች ኬታኪ።

"ልሙታ! ምራቴ ባለፈው ጽንሷ ወርዶባታል። አሁንም ነፍሰ ጡር ናት። ይህ ብረት ከራሷ በላይ ቆሞ እኔ እህል በጉሮሮዬ ይወርዳል?" አሉ ካካ።

"ፍርሃትዎን አልንቅም። ግን ሳይለኩ መፍረድ ምን የሚሉት ነገር ነው? እስቲ ይደውሉ።"

ደወሉ፤ ኬታኪ መለኪያዋን ከስልካቸው አስጠጋች። ስልኩ ከከተማው ማዶ ካለ አንቴና ጋር ሊገናኝ ሲታገል የመለኪያው ቁጥር ሽቅብ ወጣ።

"አዩ? አንቴና ሲርቅ ስልክ ይጮኻል፣ ሰው ለሩቅ ሰው እንደሚጮኸው። ኩበቱም ቢከልለው ይብስ ያስጮኸዋል።"

"እንግዲያው መብራቱን መልሱና ከራሷ በላይ ያለውን ለኪው! መንግሥት ከፈቀደው ወሰን ካለፈ በእጄ ነው የምነቅለው!"

"ካለፈ አብሬዎት እነቅላለሁ!"

መብራቱ ተመለሰ። ካካ እንደገና ሲደውሉ ቁጥሩ ብዙም አልተነሳም። ከዚያ መለኪያውን ነጥቀው የምራታቸውን የቫይሻሊን ክፍል ዞሩበት፤ መስኮቱን፣ ትራሷን፣ ጣሪያውን። ሁሉም ከመንግሥት ወሰን እጅግ በታች ነው።

"ባባ" አለች ቫይሻሊ አማቷን፣ "አንቴናው ጠፍቶ ሳለ ስልኬ አይሰማም ነበር። ተነቅሎ ሳለ ምጥ ቢመጣብኝ ሐኪም በምን እጠራለሁ? እርስዎስ ሞተው ልጁን ማን ያቅፍልኛል?"

ካካ ወደ በሩ ተመልሰው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ የሎሚ ጭማቂ አስመጡ፤ በእኛ ባህል እንዲህ ያለ ጾም የሚፈታው በሰው እጅ ነውና ቫይሻሊ አጠጣቻቸው። ጠጥተው እንደጨረሱ ለተሰበሰበው ጎረቤት ጮኹ፦

"ተሸነፈ እንዳትሉኝ! የአንቴናው ኩባንያ ልኬቱን በየዓመቱ እዚህ በር ላይ ይለጥፍ። ካልለጠፈ አልጋዬ ከዚህ አይነሳም!"

ልክ ናቸው። ስልካችሁን ከጆሯችሁ አራቁ፤ መስመር ሲደክም ወሬ አታብዙ፤ ሰፈራችሁ አንቴና ሲተከል ቁጥሩን ጠይቁ። አናሳይም ካሏችሁ በሩ ላይ ቁጭ በሉ፤ ግን በልታችሁ!