ፍል ውሃ የገባው ሻርፕ

ባለቤቴ ወደ ጦር ግንባር ሲሄድ፣ ዳሩን በእጄ የጠለፍኩለትን የሱፍ ሻርፕ አምቦ አውቶቡስ ተራ ላይ ከትከሻው አውልቆ፣ ጥልፉ ደረቴ ላይ እንዲወርድ አድርጎ ደረበልኝ። ከዚያ ወዲያ ውሃ አላስነካሁትም፤ ጠረኑ ይሄድብኛላ! እናቱ ለጉልበታቸው ፍል ውሃ ሊታጠቡ ከሸነን መጡና፣ ለካ ሻርፑንም ሊያጥቡት ወደ ፍል ውሃው ይዘውት ሄደዋል። ሱፍ ደግሞ ሙቅ ውሃ አይወድም፤ ተኮማትሮ የሕፃን መጠቅለያ አክሎ ተመለሰ። ባሸተው ባሸተው ሳሙና ብቻ ነው።

«ምነው እማማ! ሳይጠይቁኝ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

«እኔን ያዳነ ውሃ ጨርቅ ይጎዳል ብዬ መች አሰብኩ ልጄ? ሲመጣ ንጹሕ ሆኖ ይቆየው ብዬ እኮ ነው» አሉኝ።

ለካ እኔ ጠረኑን ታቅፌ ተቀምጫለሁ፤ እሳቸው የሚጠብቁት ልጃቸውን ነው።