የዕቃ ቤቱ ሦስት ቁልፎችና የመሪጌታ ኮምፒውተር

መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ላፕቶፓቸውን በነጠላ ጠቅልለው ከላሊበላ ገበያ በላይ ያለውን ዳገት ሲወጡ፣ ከወልድያ የመጣችውን የጎረቤታቸውን ልጅ መቅደላዊትን መንገድ ላይ አገኟት። ኮምፒውተር አጥንታ የተመረቀችው ዘንድሮ ነው። ሰላምታ ተለዋውጠው ወዴት እንደሚሄዱ ስትጠይቃቸው፣ ማሽኑ አልነሣ ብሎ ጠጋኙ ሙሉ በሙሉ ይደምሰስ ስላላቸው ወደ እሱ እየወሰዱት መሆኑን ነገሯት።

«የየኔታ እንግዳው ድምፅስ?» አለች።

መሪጌታ ላፕቶፑን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። የሟች መምህራቸው ዜማ የተቀረጸው እዚያ ብቻ ነበር። ይህ ኩራታቸው ነው፤ ከወገል ጤናና ከፍላቂት ድረስ ተማሪዎች ፍላሽ ይዘው ሊቀዱ ይመጣሉ። እሳቸውም ዜማ አይከለከልም ብለው የመጣውን ፍላሽ ሁሉ ይሰኩ ነበር።

መቅደላዊት ወደ ቤታቸው መለሰቻቸው። ማሽኑ እንደምንም ሲከፈት፣ ከሁሉ አስቀድማ ዜማውን ወደ ራሷ ማስቀመጫ ገለበጠች። ከዚያ ሦስት የቫይረስ መከላከያ ተጭኖ አየች። ማን እንደጫነው ብትጠይቅ መሪጌታ ቀና አሉ።

«እኔ ነኛ። የደብራችን ዕቃ ቤት የሚከፈተው በሦስት ቁልፍ ነው፤ ሦስቱ ቁልፍ ያዦች ካልቆሙ መስቀሉ አይወጣም። አንድ ዘበኛ ይበቃል የምትይኝ ከሆነ ወልድያ በከንቱ ከርመሻል።»

መቅደላዊት ሳቀች። «ሥርዓቱ እኔንም ያኮራኛል፣ መሪጌታ። ግን ቁልፍ ያዦቹ ይተዋወቃሉ። እነዚህ አንዱ ሌላውን ሌባ ነው እያለ ይተናነቃሉ፤ ማሽኑን ያቆሙት እነሱ ናቸው።»

ከዚያም አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። አንደኛው ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የመጣ ነው፤ ኢንተርኔት ባገኘ ቁጥር ራሱን ያድሳል። ሁለተኛው የሚከፈልበትና ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ውሉ ስላለቀ የድሮውን ሌባ እንጂ የዛሬውን አያውቅም። ሦስተኛውን አንድ ተማሪ በፍላሽ አምጥቶላቸው ነበር፤ ከየት እንዳገኘው አልጠየቁትም።

«ማንነቱን ለማያውቁት ሰው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይሰጡታል?»

መሪጌታ አሰብ አደረጉ። «እንኳን ቁልፉን፣ ደጁንም አላስጠጋው። ግን ከኮምፒውተሩ ጋር በነፃ የመጣ ዘበኛ ምን ይጠብቃል?»

«እኔን አይመኑኝ፤ ራስዎ ይዩት» አለችና ኋለኞቹን ሁለቱን አስወግዳ፣ አብሮ የመጣውን በስልኳ ኢንተርኔት አደሰችው። ከዚያም ከኪሳቸው ያወጡትን የተማሪ ፍላሽ ሰካች። ያ ነፃ ዘበኛ፣ ሦስተኛው ቀድሞ ዝም ብሎ ያሳለፈውን ቫይረስ ወዲያው ያዘ። ማሽኑም እንደ ድሮው ፈጥኖ ተነሣ፤ የየኔታ እንግዳው ድምፅ ቤቱን ሞላው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስኪያልቅ ቆመው ሰሙ።

ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው ከዚህ የሚይዘው ቁም ነገር አለ። ምንጩ የታወቀና ሳይታደስ የማይከርም አንድ መከላከያ፣ ከማይታወቁ ብዙዎች ይሻላል። የተወደደ ነገርም ቅጂው ሌላ ስፍራ መቀመጥ አለበት።

ለገና ሰሞን ከኮን ከተማ የመጣ ተማሪ ፍላሹን ሲዘረጋ፣ መሪጌታ መጀመሪያ ይፈተሻል አሉት። ልጁ ቅር ብሎት አላመኑኝም ወይ ሲል ጠየቃቸው።

«አንተንስ አምንሃለሁ» አሉ፣ እንደ ዕቃ ቤት ሹም ቀጥ ብለው። «ፍላሽህ ግን የት ሲያድር እንደከረመ አላውቅም።»