የሦስት ቀን ናሙና

አቶ ኤርሳዶ አርባ ዓመት እህል ነግደው፣ ንግዱን ለልጃቸው ለሉቃስ ትተው፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ወርቄ ጋር ገርጂ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። ከአንድ ዓመት ወዲህ ግን ደረጃው ጠላት ሆኖባቸዋል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ልባቸው ይመታል፤ ዓይናቸው ይጨልማል። ሰው ካያቸው ስልክ የሚያወሩ መስለው ይቆማሉ።

አንድ ማክሰኞ ከመገናኛ በተሳፈሩበት ታክሲ ውስጥ ከጎረቤታቸው ከሀጀር አጠገብ ተቀመጡ። ሀጀር ሰፈሩ ውስጥ ባለ ክሊኒክ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ሰላምታ ተለዋውጠው ሲያበቁ ፌስታላቸው ውስጥ ያለውን ኪኒን አየችና ለማን እንደሆነ በትሕትና ጠየቀቻቸው። የአሜባ መድኃኒት መሆኑን፣ ሆዳቸውን በነፋቸው ቁጥር ራሳቸው እየገዙ እንደሚውጡት ነገሯት።

«ተመርምረው ነው አባባ?»

«አንድ ጊዜ ተመርምሬ ምንም የለብዎትም አሉኝ። ሆዴ ግን አለብህ ይለኛል። ታዲያ ከማይክሮስኮፑና ከሆዴ ማንን ልመን ልጄ?»

ሀጀር አልሳቀችም። የሰገራ ናሙናውን እንዴት እንደሰጡ ጠየቀች። አንድ ቀን ብቻ፣ እሱንም ማታ ቤታቸው አዘጋጅተው ጠዋት ይዘው እንደሄዱ አልደበቋትም። ሰው በተሰለፈበት መጸዳጃ ቤት መግባት ለሽማግሌ ነውር መስሏቸው ነበር።

«አባባ፣ እርስዎ ጤፍ ሲገዙ የጆንያውን አፍ ብቻ አይተው ይገዙ ነበር?»

«ምን ሲደረግ! አፉ ላይማ ሁሉም ጥሩ ጥሩውን ነው የሚያደርገው። ከአፉም፣ ከመሃሉም፣ ከሥሩም አውጥቼ መዳፌ ላይ ሳላይ አልገዛም።»

«ሆድም እንደዚያው ነው። ትል በየቀኑ እኩል እንቁላል አይጥልም። እኛ መስታወት ላይ የምንቀባው ደግሞ የክብሪት ጫፍ የምታህለውን ነው። እሷ ውስጥ ካልተገኘ አላየነውም ማለት እንጂ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ በሦስት የተለያዩ ቀናት እንወስዳለን። አሜባም ቢሆን በደንብ የሚለየው በሕይወት ሲንቀሳቀስ ነው፤ ባደረ ናሙና ውስጥ ሞቶ ይጠፋል።»

አቶ ኤርሳዶ ለሦስቱም ቀን ቃል ገቡ። ሰው ሌላው ሲያስተምረው ይከራከራል፤ የገዛ ሙያው ሲያስተምረው ግን ይቀበላል። ነውሩ ግን አሁንም አልለቀቃቸውም። እሳቸውን የሚያህል ሰው የናሙና ዕቃ ይዞ በወጣቶች መሃል ማለፉ እንደሚከብዳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት።

«በሽታውን ያልተናገረ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ አባባ። እኔ በየቀኑ የማየው ይህንኑ ናሙና ነው፤ አንድም ቀን ሰው ንቄበት አላውቅም። ደረጃው ላይ ሲቆሙ ግን አይቼ አዝኛለሁ።»

ስልክ የሚያወሩ መምሰላቸው አላታለላትም ነበር። ረቡዕ ጠዋት ክሊኒኩ ሄዱ።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልተገኘም፤ በሁለተኛውም አልተገኘም። አቶ ኤርሳዶ ለመቅረት ዳድቷቸው ነበር፤ ቃላቸውን ማጠፍ ስላልሆነላቸው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሀጀር ናሙናውን በኬሚካል በጥብጣና አጥልላ፣ በሚሽከረከረው ማሽን አዙራ፣ ከሥር የዘቀጠውን መረመረች። ከዚያ አስጠርታ ራሳቸው በማይክሮስኮፑ እንዲያዩ ጋበዘቻቸው። ቀጭን ልባስ ያላት ሞላላ እንቁላል ነበረች።

አቶ ኤርሳዶ ረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩ። «ይቺ ናት አራተኛ ፎቅ የከለከለችኝ?» አሉ በመጨረሻ።

የሁክወርም እንቁላል መሆኗን፣ ትሉ በባዶ እግር በኩል ከአፈር ገብቶ አንጀት ውስጥ ደም እንደሚመጥ፣ የአሜባው ኪኒን ደግሞ እንደማይነካው አስረዳቻቸው። በየዓመቱ ሆሳዕና ከተማ አጠገብ ባለው የወንድማቸው የእንሰት ጓሮ ውስጥ ጫማቸውን አውልቀው እንደሚውሉ ያን ጊዜ ትዝ አላቸው። ሐኪሙ ደማቸውን አስመርምሮ ማነሱን አረጋገጠና የትሉን መድኃኒትና ደም የሚተካ ኪኒን አዘዘላቸው።

በሦስተኛው ወር ደረጃውን ሳይቆሙ ወጡ። ድጋሚ የሰጡት ናሙናም ንጹሕ ሆነ። ወይዘሮ ወርቄ ተመረመሩ፤ ለአቶ ኤርሳዶ ወንድምም የጓሮ ቦቲ ጫማ ተላከላቸው። የማያውቁትን በሽታ በግምት ሲያክሙ የኖሩት ሰው የሚውጡትን ለይተው ማወቅ ጀመሩ።

አንድ እሑድ ከጸሎት ሲወጡ የድሮ ወዳጃቸው ፊሊጶስ ሆዱን ይዞ ቀረባቸውና ከዚያ ከአሜባው ኪኒን ተርፏቸው እንደሆነ በጆሯቸው ጠየቃቸው። አቶ ኤርሳዶ ግን ሰው በሚሰማበት ድምፅ መለሱለት።

«እኔም ስውጠው ኖሬ ነበር፤ የነበረብኝ ግን አሜባ ሳይሆን ትል ነው። ነገ ጠዋት መጥቼ ክሊኒክ እወስድሃለሁ። ለሦስት ቀን ሌላ ቀጠሮ እንዳትይዝ።»